ዓርብ ጠዋት የሚበሉት መነኩሴ

አባ ፍሬሰንበት ስድስት ዓርብ በተከታታይ ጾማቸውን ሽረዋል። ያስሻርኳቸው እኔ ነኝ። ሌላው ክርስቲያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ሲውል፣ እሳቸው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር በተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጠው ላሖህ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ይበሉ ነበር። ላሖህ የሶማሌዎች እንጀራ ነው፤ ለቁርስ የሚሆን፣ ስስ። አንድ ቀን ኃጢአቱ በማን ላይ እንደሚጻፍ ጠየቅኳቸው። «በእኔ ይጻፍ፤ ያንቺ መዝገብ ሞልቷል» አሉኝ። መነኩሴ ቀልድ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ለምን እንዳበላኋቸው ለመናገር ከመርዶ መጀመር አለብኝ። በእኛ መንደር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘው ዘመድና አንድ አባት ባሉበት። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ የቤቱን እህል አይቀምስም። ውኃ ቢሰጡት እንኳ ጣሳውን በእጁ ይዞ ይቆማል እንጂ አይጠጣም። ከቀመሰ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ እንግዳ የበላበትን ቤት አያስለቅስም። የያዘውን ይዞ ይመለሳል፤ ሌላ ቀን ይመጣል። ይህን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ስንት ሰው እንደ እኔ መደበቂያ እንዳደረገውም አላውቅም።

ስሜ ደብሪቱ ነው፤ አገሬ ቆቦ። ባሌ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ሀርጌሳ መጣሁ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ኢስታሂል በምትባል ሴት ቤት እሠራለሁ። ኢስታሂል ዋሄን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ እኔ ቤቷን አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ። ትልቁ ልጄ ቢምረው የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ሃያ ዓመቱ ነበር። ሳያማክረኝ ሄዶ ወታደር ሆነ፤ ቢያማክረኝ ምን እንደምለው ስለሚያውቅ ነው። ትንሿ ረድኢት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአያቷ ጋር ቆቦ ቀረች።

በሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ገባና የከተማው ስልክ ተቆረጠ። ከእናቴና ከረድኢት ምንም አልሰማም፤ ግን የዚያ አገር ሰው ሁሉ ምንም አይሰማም። ሀርጌሳ ያለን የቆቦ ሰዎች ስንገናኝ «አንቺስ?» «እኔም» ተባብለን እንለያይ ነበር። የሁሉም ቤት ዝምታ ስለሆነ ለብቻዬ አልፈራሁትም። የቢምረው ግን ሌላ ነው። እሱ ስልክ ካለበት በኩል ነበር። ባለበት ቦታ ሁሉ ሆኖ በየእሁዱ ይደውላል። አዲስ ዓመት በገባ በማግሥቱ፣ መስከረም ሁለት እሁድ ደወለ፤ ጫማ ተሰጥቶት አንዱ እግር ጠቦታል፤ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ያለው እሁድ አልደወለም። ሁለተኛውም እሁድ እንዲሁ። እኔ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው።

እንግዲህ መስከረም ሃያ አንድ፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ቀኑ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ዓርብ የእረፍት ቀኔ ነው። ስከፍት አየነው ቆሟል። አየነው የመንደሬ ልጅ ነው፤ በበርበራ መንገድ በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። በዚያ ሰዓት በርበራ መሆን ነበረበት። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ አየነው ደግሞ ሸሚዝ የሚያጥብ ልጅ አይደለም። ከኋላው አባ ፍሬሰንበት ቆመዋል። ሁለቱም «እንዴት አደርሽ» አሉኝና ዐይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

ያኔ አወቅኩ። ቢምረው ሞቷል፤ ሊነግሩኝ ነው የመጡት። አልጮህኩም። ከአንገቴ በታች የነበረው ሰው ዝም ብሎ ወጥቶ የሄደ ነው የመሰለኝ። እጄ ብቻ ይሠራ ነበር። ከምድጃው ላይ ላሖሁን አነሣሁ፣ ዘይት አፈሰስኩበት፣ ስኳር በተንኩበት፣ ሳህኑን አባ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይብሉ አባ» አልኩ።

አየነው «እትዬ ደብሪቱ፣ ዓርብ እኮ ነው፤ አባ ደግሞ…» ብሎ ጀመረ።

«ይብሉ» አልኩ ደግሜ። አየነው ለምን እንደማበላቸው ገብቶታል፤ ያንድ መንደር ሰዎች ነን። ኋላ እንደሰማሁት መንገድ ላይ እየመጡ ሳለ «እባክዎ አባ፣ የምትሰጥዎትን ምንም እንዳይቀምሱ» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። አባ ሳህኑን ይዘው ፊቴን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ አማተቡ፣ ቆረሱ፣ ጎረሱ። አየነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባ ሳህኑን ጨርሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። የያዙትንም ይዘው ሄዱ።

አባ ፍሬሰንበትን ከዚያ በፊት በሩቁ ነበር የማውቃቸው፤ እውነቱን ልናገር፣ አልወዳቸውም ነበር። የተምቤን ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ ትግርኛ ይሰማል። ጦርነቱ ከተነሣ ጀምሮ እኛ ሀርጌሳ ያለን የሁለቱ ወገን ሰዎችም እርስ በርሳችን መፈላለግ ትተን ነበር። አመጣጣቸው ደግሞ ያስቃል። ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ ብለው ከገዳማቸው ተነሡ። ድሮ መነኮሳት በባሕር በኩል ይሄዱ እንደነበር ሰምተዋል። በእግርም በመኪናም በርበራ ደረሱ፤ ባሕሩን አዩት። «ከማዶ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። «የመን» አሏቸው፤ «እዚያም ጦርነት ነው።» ተመለሱና ሀርጌሳ ላይ ቆሙ። ጉሌድ የሚባል የሕንፃ ሥራ አለቃ ብሎኬት ተሸካሚ አድርጎ ቀጠራቸው። ቆባቸውን አውልቀው የክር ኮፍያ ያደርጋሉ። ጉሌድ ጸሎታቸውን አይቶ «ሼክ» ይላቸዋል፤ በጸሎት ሰዓትም ጥላ ሥር እንዲቀመጡ ይፈቅድላቸዋል። «ለምን አላረሙትም?» ስላቸው «ጥላው ደስ ይለኛል» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ብቻቸውን መጡ፤ አየነው ጭነት ይዞ ሄዷል። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ስለማይናገረው ልፈራ አይገባም ነበር፤ ግን ፈራሁ። ገና ሳይቀመጡ ሳህኑን ሰጠኋቸው። በሉ። ስለ ሥራ ጠየቁኝ። ስለ ኢስታሂል ጠየቁኝ። ለመሄድ ሲነሡ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «አባ፣ ጸሎት ላይ ምንም አይሰማኝም። ግድግዳ የማናግር ነው የሚመስለኝ» አልኳቸው።

ተመልሰው ተቀመጡ። «እኔም ብዙ ቀን እንደዚያው ነኝ» አሉ። «ብሎኬት ስሸከም ዳዊት እደግማለሁ። አንዳንድ ቀን ከመቶ ሃምሳው አንዲት ቃል ልቤ ውስጥ አትገባም። ቢሆንም እደግማለሁ። ልቤ የተመለሰ ዕለት ቤቱን ባዶ እንዳያገኘው ብዬ ነው።»

«ካልተመለሰስ?»

«ካልተመለሰም ደግሜያለሁ።»

ይህን ይመስላሉ። ሌላ ቄስ ቢሆን ኖሮ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ እል ነበር። እሳቸው እንደዚያ ስላላሉኝ ያን ቀን ማታ «አባታችን ሆይ»ን ደገምኩ። ምንም አልተሰማኝም። በማግሥቱም ደገምኩ፤ እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ዓርብ ከሥራ ቦታ የተረፈ ሲሚንቶ በላስቲክ ቋጥረው አመጡ፤ አይጥ የምትገባበትን ቀዳዳ ደፈኑልኝ። እጃቸውን እያስታጠብኩ፣ ሰው ሲመነኩስ ምን እንደሚደረግ ጠየቅኳቸው። በመገነዣ ሸፍነው እንደ ሬሳ ፍትሐት እንደደገሙላቸው ነገሩኝ። «ለዓለም ሞቷል ተብዬ ተጸልዮልኛል። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት የሞትኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ግን ላሖህሽ ይጣፍጠኛል፤ እናቴም በሕልሜ ትመጣለች። መሞት እንደሚሉት ቀላል አይደለም።» ሳቅሁ። ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ሳቄን ራሴው ስሰማው የሌላ ሰው ነበር።

ቀን ቀን ሥራዬን እሠራ ነበር። አጥብ ነበር፣ እፈጭ ነበር፣ የኢስታሂልን ልጆች ትምህርት ቤት አደርስ ነበር። ባጃጅ ሲጮኽብኝ እንኳ አልደነግጥም። በእጄ ላይ የፈላ ዘይት ተፈናጥቆ ቆዳዬን ሲልጠው ሽታው ነው ያነቃኝ። ልጁ እንደሞተ አውቃለሁ፤ ግን ማንም ስላልነገረኝ አላለቅስም። በሁለቱ መካከል ቁጭ ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምይዘው፦ ረድኢት አለችኝ። ስልኩ ሲከፈት ድምፅዋን እሰማለሁ። ለእሷ ስል እቆማለሁ። እያልኩ ሌሊቱን አነጋዋለሁ።

በዚያ ሳምንት ዋሄን ሄጄ ጫማ ገዛሁላት። ቀይ፣ ከላይ ማንጠልጠያ ያለው። አራተኛው ዓርብ አባ ሲመጡ ከሳጥን አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ለረድኢት ነው፣ ለትንሿ ልጄ» አልኩ። «ስመጣ አምስት ዓመቷ ነበር። አሁን ዘጠኝ ናት። እግሯን አላየሁትም። ይበቃት ይሆን አባ?»

ጫማውን ተቀበሉኝ። አንዱን እግር በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩት። የሲሚንቶው ብናኝ በጣታቸው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። በጣም ዘገዩ። መነኩሴ ስለ ልጅ ጫማ ምን ያውቃል ብዬ ልስቅባቸው ነበር።

«ይበቃታል» አሉ በመጨረሻ። ያን ቀን ሻዩን ሳይጨርሱት ሄዱ።

በአምስተኛው ዓርብ ተጣላን። ጦርነቱ ወደ ደሴ ተጠግቷል የሚል ወሬ ሌሊቱን ሰምቼ ነበር። ሳህኑን ሰጠኋቸውና ሲጎርሱ እያየሁ «የእርስዎ ሰዎች እኮ ናቸው» አልኳቸው። ልጄን የገደሉት ልል ነበር፤ እንዳልል ከንፈሬን ነከስኩ። እሱን ካልኩ ማወቄን መናገሬ ነው፣ ካወቅኩ ደግሞ መርዶው ተነገረ ማለት ነው።

የጎረሱትን ዋጡ። «የእኔ ሰዎች» አሉ። «እናቴ ተምቤን ናት። ትኑር፣ ትሙት አላውቅም። እሷ የእኔ ሰው ናት። አንቺ ዓርብ ዓርብ ቁርስ የምትሰጪኝ የእኔ ሰው ነሽ። ጉሌድ ሼክ እያለ ጥላ የሚሰጠኝ አለ። ሌላ ሰው የለኝም ደብሪቱ። ቆጥሬ ጨረስኩልሽ።»

አፈርኩ። ማፈሬን እንኳ ከሩቅ ነው ያየሁት። ሁለተኛ ሻይ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው «በሚቀጥለውም እመጣለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አባ የሚመጡት መርዶውን ሊነግሩኝ ብቻ ነው ማለት ከበደኝ። አንድ መርዶ ነጋሪ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ስድብ ሰምቶም አይመለስም። የመጡበትን ነገር ተሸክመው፣ ሳይጭኑብኝ፣ አጠገቤ ሊቀመጡ ነበር የሚመጡት። ጓደኛ የሚባለው እንደዚህ ያለ ሰው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እኔ በሕይወቴ ጓደኛ ኖሮኝ አያውቅም፤ ዘመድና ጎረቤት ነበር ያለኝ።

ስድስተኛው ዓርብ ጥቅምት ሃያ ስድስት ነው። ደሴ ተይዛለች፣ የደሴም ስልክ ተቋርጧል። አባ በልተው ሲጨርሱ ሳህኑን አጠገባቸው አስቀምጠው «ኅዳር ሚካኤል ቀርቧል» አሉ። እኛ ሀርጌሳ ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ በወር አንድ ጊዜ አንዱ ቤት ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። ከጸሎቱ በኋላ አባ ከደብተር ላይ ስም ያነባሉ፤ በአንዱ ገጽ የሕያዋን፣ በሌላው የሙታን።

«የምታስጽፊው ስም አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም» አልኩ።

«እሺ።» ተነሡ፤ ግን በሩ ጋ ቆሙ። «የሞተ ሰው ከእኛ ብዙ አይጠብቅም። እንባ እንኳ አይጠብቅም፤ እንባ ለእኛው ነው። ስሙ እንዲጠራለት ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ደብተሩ ላይ ስደርስ አንድ ስም በተሳሳተው ገጽ አነባለሁ፤ ከሕያዋን ጋር። አንቺ እስክትፈቅጂ ብዬ። ይህን ስነግርሽ ልጫንሽ አይደለም።»

ሳህኑን አንሥቼ አጠብኩ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያቺ ንግግር አልለቀቀችኝም። ቢምረው አፈር ያልብሱት፣ አያልብሱት አላውቅም። ቄስ አላገኘም። አርባ ቀኑ አልፏል፤ እናቱ አለሁ እያለች አንዲት ቁራሽ እንጀራ በስሙ ለነዳያን አልሰጠችም። እኔ ሐዘኔን ስሸሽ እሱን ደጅ አቁሜው ነበር። ይህ አንጀቴን በላው።

ረቡዕ ዕለት ኢስታሂል ወጥ ቤት ገብታ አጠገቤ ቆመች። ልጅ ሆና ጅጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች። ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤተሰቡ ሸሽቶ ወደ እኛ አገር ገባ፤ አባቷ ወደ ኋላ ቀረ። «እናቴ ሰው በመጣ ቁጥር ‹ስለ እሱ አትንገሩኝ› ትል ነበር» አለችኝ። «አንድ ሰው የት እንደተቀበረ ያውቅ ነበር። ሊነግራት ሦስት ጊዜ መጣ፤ እምቢ አለች። ከዚያ ሰውየውም ሞተ። አላህ ይዘንላቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አባቴ የት እንዳለ አናውቅም። አንቺ የሆነ ነገር እየሸሸሽ ነው ደብሪቱ፤ አያለሁ።» ሽንኩርቱን መክተፌን አላቆምኩም። ሐሙስ ማታ ግን አየነው ጋ ደወልኩ። «ነገ ጠዋት ከአባ ጋር ና» አልኩት። እሱም ምን እንዳልኩ ገባው፤ «እሺ እትዬ» ብቻ አለ።

ኅዳር ሦስት፣ ሰባተኛው ዓርብ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መጡ። ክፍሉን ጠርጌ፣ ፍራሹን አጥፌ ወደ ጥግ አድርጌ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ምድጃውን አላነደድኩም። አባ ገብተው ቀዝቃዛውን ምድጃ አዩ፣ እኔን አዩ፤ የክር ኮፍያቸውን አወለቁ። አየነው በስተቀኜ ቆመ፤ ብወድቅ ሊይዘኝ ነው።

ቀደምኳቸው። «አይቸገሩ አባ» አልኩ። «ቢምረው መሞቱን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። እናንተ ገና በሩን ስታንኳኩ ነው ያወቅኩት። የት እንደወደቀ ብቻ ይንገሩኝ። ለሚካኤልም ስሙን ከሙታን ጋር ያንብቡልኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። አየነው አፉ ተከፈተ።

«ቢምረው?» አለ። «እትዬ፣ ቢምረው እኮ ደህና ነው። በጓደኛው ስልክ ይደውልልኛል። ትናንት ማታ አውርቼዋለሁ።»

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም። ስድስት ሳምንት ወጥቶ የሄደው ሰው በአንድ ጊዜ ተመልሶ ገላዬ ውስጥ ገባ፤ እጄ ሞቀ፣ ዐይኔ እንባ ሞላ። የአየነውን ጉንጭ ሳምኩ። የአባን እጅ ሳምኩ። «ታዲያ ምነው እንዲህ አሳረራችሁኝ?» አልኩ እየሳቅሁ። ዘወር ብዬ ክብሪት ጫርኩ፤ ላበላቸው፣ እኔም ልበላ። ልጄ አለ። ሁለቱም ልጆቼ አሉ። በዚያች ሰዓት በሀርጌሳ ላይ ከእኔ የበለጠ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ከኋላዬ ግን ማንም አልሳቀም። ዘወር ስል አባ አልተቀመጡም። ኮፍያቸው አሁንም በእጃቸው ነው። ክብሪቱ ጣቴ ድረስ ነደደ።

«ደብሪቱ፣ ቁጭ በይ» አሉ። «ረድኢት ናት።»

አየነው ክንዴን ያዘ። አባ ከፊቴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ፤ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳይሸፍኑ። ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ እናቴ ልጅቷን ይዛ በእግር ወጥታለች። ብዙ ቀን ተጉዘው ደሴ ደረሱ፤ ተፈናቃይ ከሰፈረበት አንድ ትምህርት ቤት ገቡ፤ የእኔና የቢምረው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ቆቦ ቀርቶ ነበር። ረድኢት ትኩሳት ያዛት። መስከረም ስምንት ሞተች። እናቴ እዚያው ቀበረቻት። ቢምረውን ፈልጎ ያገኘው ዘመድ ነገረው፤ ቢምረው ለአየነው ደወለ፤ አየነው አባ ጋ ሄደ። ቢምረው በየእሁዱ መደወሉን የተወው፣ ድምፁን ስሰማ የማውቅበት መስሎት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እስኪነግሩኝ ድረስ ስልኩን ዘጋ።

«ጫማውን ስታሳዪኝ» አሉ አባ፣ «እያወቅሽ ልብሽ እምቢ ያለ መሰለኝ። ስለዚህ ይበቃታል አልኩሽ። ሌላ ሰው እንደቀበርሽ አላወቅኩም። ይቅር በይኝ።»

ምን ይቅር እላቸዋለሁ? የበሉት እኔ ስላበላኋቸው ነው። ስድስት ሳምንት ለሕያው ልጄ ሐዘን ተቀምጬ፣ ለሞተችው ደግሞ ገበያ ወጣሁ። ለእሷ ብዬ እንዳልወድቅ ራሴን ያዝኩ። እሷን አልፈራሁላትም። ከሁለቱ አንዱ ሲባል አንድም ቀን የእሷ ስም በሐሳቤ አልመጣም። ቢምረው ደህና ነው በተባለና የእሷ ስም በተጠራ መካከል ደግሞ፣ ልጄ ሞታ ሳለ፣ ደስ ብሎኝ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ነገር ከአባ ጋር ኋላ ብዙ ተነጋግረናል። «እሱንም ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ እሱ አይደነግጥም» ይሉኛል። እነግረዋለሁ። እስከ አሁን ምንም አልተሰማኝም፤ ግን እነግረዋለሁ።

ያን ዕለት አላለቀስኩም። አየነው አለቀሰ። አባ ከጎኔ ተነሥተው አልሄዱም፤ ጉሌድ ጋ ልከው ዛሬ አልመጣም አሉ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ማጋል ስትጀምር አየነው ስልኩን አውጥቶ «እትዬ፣ እየጠበቀ ነው፤ አሁን መደወል ይቻላል» አለኝና ቁጥሩን ነካ። ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«እማ» አለ ቢምረው። ከዚያ ሌላ መናገር አልቻለም። እንደ ልጅነቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል። የሞተ ነው ያልኩት ልጄ ነው፤ ትንፋሹን እሰማለሁ፣ ንፍጡን ሲስብ እሰማለሁ። «አለሁ» አልኩት። ስልኩን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ እሱ ለቅሶውን ጨርሶ ስልኩን ለእህቱ እስኪሰጣት እጠብቅ ነበር።